ድንኳኑ ሳይነሳ

ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልክድም። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስቀመጥ፣ ከደንበኛ ጋር ያልተጨቃጨቅሁበት ሳምንት ቢኖር ሱቁ ተዘግቶ የሰነበተበት ሳምንት ብቻ ነው። ያን ሰሞን ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ላይ ሳልቆጣ፣ ሳልጮህ፣ ሳላለቅስ ከረምኩ። ያውም እናቴ ሞታ።

ነገሩ ከአንድ ወረቀት ይጀምራል። ታናሽ እህቴ አውሮፓ ውስጥ አንዲት አሮጊት በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት። እናታችን ከፋሲካ ማግስት አልጋ ስትይዝ እህቴ የአሥር ቀን ፈቃድ ለምና አገኘችና ትኬት ቆረጠች፤ ለእኔም በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔ የስንቱን ሰው ትኬት ያተምኩ ነኝ። አረብ አገር የሚሄደው፣ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገረው፣ ለሐጅ የሚነሳው፣ ሁሉም እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚያሳትመው። በእኔ ቤት ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩሱን ከወጣ ሰውየው ሄዷል ማለት ነው። የእህቴንም አተምኩና ለእናቴ ወሰድኩላት። ማንበብ አትችልም። ቀኑ የተጻፈበትን ቦታ በጣቴ ሳሳያት በጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ወዲያ ትራሷ ሥር አኑራው፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እያወጣች "ማክሰኞ ትገባለች" ትል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም የያዝኩትን አምኜ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለብቻችን ሆነን ሳለ ጠራችኝ።

"እኔ እንግዲህ አልቆይም ይሆናል" አለች።

"ምን ነካሽ እማዬ! ልጅሽ ልትነሳ አይደል እንዴ!" ብዬ ተቆጣኋት።

"መቆጣቱን ተዪና ስሚኝ። ትንሿ መጥታ ሳታለቅስልኝ ድንኳኔ እንዳይነሳ። ባዶ ግቢ እንዳትገባብኝ።"

እሺ አልኳት። ለሚሄድ ሰው እሺ ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማግስቱ ነው።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ከወልቂጤ ጠያቂ ሆኖ የመጣው የእናቴ ወንድም የመጀመሪያ ነገሩ ስልኬን ከእጄ መቀበል ነበር። እህቴ ያን ቀን ከሰዓት በፊት ልትሳፈር ነው፤ ማታ መሸጋገሪያ ከተማ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቦሌ ልትደርስ። "በስልክ መርዶ ማን ሰምቶ ያውቃል?" አለ አጎቴ። እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ፣ ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ይዞ ነው። ብትወድቅ የሚያነሳት፣ ደረቷን ብትመታ እጇን የሚይዝላት ሰው መኖር አለበት። "ነገ ጠዋት ቦሌ ሰው ይላካል፣ አቅፎ ያመጣታል። የአንድ ቀን ውሸት ነው" አለና ስልኩን መለሰልኝ። "ሁልጊዜ የምትደውለው ላንቺ ስለሆነ አንቺው አንሺው። እንዳታለቅሺ ታዲያ። ድምፅሽ ከጎረነነ ታውቃለች።"

ረፋዱ ላይ ደወለች። ከግቢው ጩኸት ለመሸሽ ወደ ጓሮ ሮጥኩና እንሰቱ መሃል ገባሁ። የእንሰት ቅጠል ድምፅ ይውጣል፤ ልጆች ሆነን ስንደበቅበት የምናውቀው ነገር ነው።

"እማዬ እንዴት አደረች?"

"ተኝታለች" አልኳት። ውሸት አልመሰለኝም።

ማታ መሸጋገሪያው ከተማ ደርሳ ደግማ ደወለች። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። አስተናጋጁም፣ ሻንጣ ጫኙም፣ ትኬት የሚያየውም ወጥቶ በር ላይ ቆሟል። "ነገ ጠዋት ሳይነሳ አይቀርም ብለውናል" አለችኝ። አድማ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባጃጆቹ አንድ ቀን ሥራ ሲያቆሙ በእግሬ ሱቅ ሄጃለሁ። አውሮፕላን ግን በእግር አይተካም። ያን ጊዜ እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች በአፌ ሙሉ ሰደብኳቸው፤ እህቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ።

ማክሰኞ ጠዋት አውሮፕላኑ አልተነሳም። ቀብሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየነው፣ ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እጃችንን እየታጠብን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ወደ እንሰቱ ሮጥኩ።

"እትዬ፣ እስቲ ከእማዬ ጋር አገናኚኝ።"

ይህን ሳላስብበት መቅረቴ የሚያናድደኝ ዛሬም ነው። "ወልቂጤ ሆስፒታል ወስደናታል፤ አጎታችን አብሯት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስልክ አይገባም" አልኩ። አጎቴ አሥር እርምጃ እማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው፤ ማግሥቱን ጠዋት እህቴ፣ "ወልቂጤ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለችኝ፤ ብርቱካን ይዛ ትጠይቅልኝ ብዬ ነግሬያታለሁ" ብላ ፈታችብኝ። ጓደኛዋ ጋ ደውዬ እውነቱን ስነግራት ልጅቷን ስልኩ ላይ እንባዋ ቀደማት። "አልቅሺ፣ ስትጨርሺ ደውይላትና ብርቱካኑን ሰጥቻታለሁ በያት" አልኳት። እንዲያ እያልኩ እኔ ራሴ አላለቀስኩም። ዘመዶች በፌስቡክ "ነፍስ ይማር" ብለው የለጠፉትን ሁሉ አንድ በአንድ እየደወልኩ አስነሳሁ። ለቅሶ ደራሹ ይገባል፣ ይጮኻል፣ አንገቴን ያቅፋል፤ እኔ ደረቅ እንጨት ሆኜ ትከሻውን መታ መታ አደርጋለሁ። አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ "ይቺ ልጅ አንጀት የላትም እንዴ?" ስትል ሰምቻለሁ። እንዳልመልስላት መልስ ድምፅ ያወጣል።

ረቡዕ እህቴ ስለ ቦታው ታወራኝ ጀመር። ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው የተኙ ቤተሰቦች አሉ። አንድ ሙሽራ ሱፉን በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሁለት ቀን ሙሉ ይንጎራደዳል፤ ሠርጉ አልፎታል። መረጃ መስጫው መስኮት ላይ ሰው የለም፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት በረራዎች በሙሉ ቀይ ናቸው። አድመኞቹ ደግሞ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው በር ላይ ፊሽካ ይነፋሉ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ወረቀት ሰጥታ ይቅርታ ጠይቃታለች።

"ምን ይሠራላታል ይቅርታ!" አልኩ በውስጤ። በአፌ ግን፣ "እሺ፣ አይዞሽ" ብቻ።

"እማዬ ቆጮ ሻጮቹን ያሳደመችው ትዝ ይልሻል?" አለችኝ።

እንዴት ይረሳኛል። ስለ መሸጫ ቦታቸው የሚሰማቸው ሲያጡ እናቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ ቤት ለቤት ዞራ አሳመነቻቸውና በገበያ ቀን አንዲትም ሴት ቆጮ ይዛ ሳትወጣ ቀረች። ቡታጅራ ያን ቀን ክትፎዋን በዳቦ በላች። በሚቀጥለው ገበያ ቦታቸው ተስተካከለ። ጭቅጭቁ ባላለቀበት በዚያ ሳምንት አንዲት ሴት ለልጇ ምርቃት ቆጮ አጥታ እያለቀሰች ቤታችን ድረስ መጥታ እናቴን ረግማት ነበር። እናቴ ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻት እንጂ አልሸጠችላትም።

"እዚህ ብትሆን ሰደርያ ለብሳ ፊሽካ ትነፋ ነበር" አለች እህቴ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንሰቱ መሃል፣ ጥቁር ለብሼ፣ እናቴ በተቀበረች በማግሥቱ። ቀና ስል ያቺው ጎረቤት በአጥሩ በኩል እያየችኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ከተናገርኩ የሚብስ ነገር ነው የምናገረው።

ከመዝጋቷ በፊት፣ "ዛሬ ምግብ ቀመሰች?" ስትለኝ፣ "አጥሚቱን ጨርሳለች" አልኳት። ደስ ይበላት ብዬ ነው። አጥሚቱን የጠጣሁት እኔ ነበርኩ፤ አክስቴ አፌ ላይ ደግና።

ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው። የእድሩ ድንኳን በደንቡ መሠረት የሚነሳው በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት የእድሩ ንብረት ኃላፊ የሆኑት ሐጂ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው፣ ጎረቤታችንም ናቸው፤ እናቴ ለረመዳን ቅቤ ትልክላቸው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ለመስቀል እንጨት። ሰዎቹ ካስማውን ሊነቅሉ ሲያጎነብሱ ሄጄ ገመዱ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ዓይን በላዬ ላይ ተሰበሰበ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

"ሐጂ፣ ድንኳኑ አይነሳም።"

"ልጄ፣ ደንቡ ሦስት ቀን ነው።"

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ ሐጂ። ሱቄ ውስጥ ነው የተተየበው። አንቀጹን ልንገርዎት?"

ሳቃቸውን ዋጡት። የእናቴን ቃል ነገርኳቸው፤ እህቴ እንዳልመጣች፣ እንዳልሰማችም ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየዳሰሱ ካስማውን አዩት። "ሌላ ለቅሶ ካልመጣ እሑድ ድረስ ይቆይ" አሉ መጨረሻ ላይ። "ከመጣ ግን ወላሂ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ። አላህ ያጽናሽ፣ አብሽሪ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩን በሽተኞች ደኅንነት እንደ እኔ ከልቡ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሐጂ ከግቢው ሳይርቁ ስልኬ ጮኸ፤ ወደ እንሰቱ ገባሁ።

"እትዬ፣ ወሰንኩ" አለች እህቴ።

"ምኑን?"

"ልመለስ ነው።"

አንድ የእንሰት ግንድ ያዝኩ።

"ፈቃዴ እዚህ ወለል ላይ እያለቀ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ዛሬ ፎርም ሰጡን። ወይ አድማው እስኪያበቃ መጠበቅ ነው፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ወይ ትኬቱን ሰርዞ ወደመጡበት መመለስ። እስከ ነገ ቀትር ምረጡ ብለውናል። እማዬ እንደሆነች እየተሻላት ነው፤ አጥሚቱን ጨርሳለች ብለሽኛል። ለመስቀል ረዘም ያለ ፈቃድ እወስድና ደህና ሆና አያታለሁ።"

እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? እንዳትደነግጥ ብለን እናታችንን በየቀኑ በስልክ አሻልናት። ሰኞ አስተኛናት፣ ማክሰኞ ሐኪም አስያዝናት፣ ረቡዕ አጥሚት አስጨረስናት። አድማው ለአንድ ቀን የሸመንነውን ውሸት አራት ቀን ቢያስለብሰን ጊዜ ልጅቷ አምናን ወደ ኋላ ልትመለስ ነው። መስቀል ሲደርስ መጥታ የምታገኘው ሣር የበቀለበት መቃብር ይሆናል። ይህን ሳስበው የገዛ ምላሴን ጠላሁት።

አጎቴ ጋ ሄጄ ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ "ታዲያ ትንሽ አድክሚያታ" አለኝ።

"ምን?"

"ዛሬ ደከም ብላለች በያት። ነገ ደግሞ እህል እምቢ አለች በያት። ቀስ በቀስ።"

"እናቴን በስልክ ሁለተኛ ልግደላት ነው የምትለኝ?" አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው እንጂ ድምፄን አልለቀቅኩም። ቢሆንም የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል፤ ሄጄ ደወልኩ። "ዛሬ እንኳ ትንሽ ደከም ብላለች" አልኳት።

"እትዬ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ ነበር፤ "እንድመጣ ብለሽ አትዋሺኝ።"

ወደ እውነቱ አንድ እርምጃ ስጠጋ ውሸታም ተባልኩ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩና ለራሴ ቁርጡን ነገርኩት። በስልክ አልነግራትም፤ ብቻዋን ካርቶን ላይ ተቀምጣ አትሰማውም። ስትመለስም እጄን አጣጥፌ አላያትም። እዚያ የሚያቅፋት ሰው መኖር አለበት፤ ከሌለ ፈልጌ አገኛለሁ።

ሐዘንተኛ ሦስተኛው ቀን ላይ ሱቅ ስትከፍት የሚወራውን አውቃለሁ። የሱቄን በር ግማሽ ድረስ ብቻ ገፋሁና ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ኮምፒውተሩን ለኮስኩ። ያተምኩት ሁሉ እዚያ አለ። ፓስፖርት፣ ውል፣ ትኬት። ማጥፋት ነበረብኝ፤ ያላጠፋሁት ስንፍና ይዞኝ ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም። የሰው ምስጢር እንደማገላበጥ ነውና ሃፍረት ተሰማኝ፤ ሆኖም አላቆምኩም። ያቺን መሸጋገሪያ ከተማ በስሟ ፈለግኋት። ከብዙ መቶ ወረቀት መሃል ወደዚያ የሄደ አንድ ሰው ብቻ ወጣልኝ። አየሁትና አስታወስኩት፤ ከአገና የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ አምና ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ትኬታቸው ዝናብ እንዳይነካው ላሚኔት አድርጊልኝ ብለው ያስቸገሩኝ። ትኬት ላሚኔት አይደረግም ብዬ ጮኼባቸው ነበር። በኋላ አድርጌላቸዋለሁ። ስልካቸው ፎርሙ ላይ ነበር።

ደወልኩ። እርሻቸው ላይ ነበሩ፣ የሚተነፍሱት ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው፣ "እ! ያቺ ተቆጪዋ!" አሉ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"ልጅዎን ይላኩልኝ ብለሽ አትለምኚኝ" አሉኝ። "ይኸ ልመና አይደለም። መርዶ ነው። እኔ እነግራታለሁ፣ ትሄዳለች።"

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የአገናው ገበሬ ልጅ ናት። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። "አባቴ ተነሺ ብሎኛል" አለች። "እህትሽ በየትኛው በር በኩል ነው ያለችው? ምን ለብሳለች?" ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ እናቴ ስንት ልጅ እንዳላት፣ እህቴ ልብ ድካም ይኖርባት እንደሆነ፣ ምን መብላት እንደምትወድ። "ዛሬ ምንም አልላትም" አለች። "ቤቴ እወስዳታለሁ። ትታጠብ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ሲነጋ ሁለት ሦስት ሴቶች እጠራለሁ። ብቻዋን አይደለችም በይ፣ እህቴ።"

ለእህቴ ደውዬ፣ "የአንድ ደንበኛዬ ልጅ እዚያ አለች፤ መጥታ ትወስድሽና ዛሬ አልጋ ላይ እደሪ፣ ፎርሙን ነገ ትሞዪዋለሽ" አልኳት። ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። "እሺ" አለች ብቻ። ያ እሺታ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም።

ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰብን። አጎቴ፣ አክስቶቼ፣ ጎረቤቱ፣ ሐጂም ከመስጊድ በቀጥታ መጥተው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። የአገናዋ ሴት፣ "ይዘናታል" አለች። ከዚያ የእህቴ ጩኸት መጣ። ድንኳኑ እንዳለ መለሰላት። ሁለት አገር አንድ ላይ አለቀሰ። ሐጂ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኔ አላለቀስኩም። ስልኩን መያዝ ነበረብኝ፤ መንገዱ አላለቀም፤ ገና ታናግረኛለች፣ ገና ትደውላለች፣ የሚጸና ድምፅ አንድ ቦታ መኖር አለበት።

ቅዳሜ የአድማው ሰዎች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተስማምተው ጥቂት በረራዎች ተከፈቱ። የአገናዋ ሴት ሥራዋን ትታ እህቴን ይዛ ሄደች። ሰልፉ ጫፉ አይታይም። ያቺ ወረቀት የሰጠቻት ጠና ያለች ሴት ሰደርያዋን አውልቃ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ነበር አሉ። የእህቴን ጥቁር ሻሽና ያበጠ ዓይን አይታ ከሰልፍ አወጣቻት፣ ምንም ሳትጠይቅ ስሟን ዝርዝሩ አናት ላይ አስገባችው። የሰደብኳቸውን ስድብ ሁሉ አልመለስኩም፤ የእሷን ድርሻ ግን አንስቻለሁ።

እሑድ ጠዋት ዘመዶቻችን ከቦሌ ተቀበሏት። ቡታጅራ ከመግባታቸው በፊት ቡኢ ላይ መኪናውን አቁመው ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁላት። ወደ ግቢው ስትገባ ድንኳኑ እንደቆመ ነው፣ አግዳሚዎቹ እንደሞሉ ናቸው። ሌላ ለቅሶ በሰፈሩ አልመጣም፤ ፈጣሪን እንደሆነ ያን ሳምንት በጣም አስቸግሬዋለሁ። እህቴ ድንኳኑን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመችና እንደገና እንደ አዲስ አለቀሰች። ሰፈሩም እንደ አዲስ አለቀሰላት። አጎቴ ያዛት፣ አክስቶቼ ያዟት። እናቴ ያለችው ሆነ። ኩራት ተሰማኝ፤ በሐዘን ቤት ኩራት ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ሁለታችን እናታችን አልጋ ላይ ተቀመጥን። ከትራሱ ሥር ትኬቷን አውጥቼ ሰጠኋት። ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ከእናቴ ጣት ብዛት ደብዝዞ ነበር። እህቴ አውራ ጣቷን እዚያው ላይ አሳረፈች።

"ስላታለልኩሽ ይቅር በዪኝ" አልኳት።

"አላታለልሽኝም" አለች። "ሰኞ ጠዋት ነው ያወቅኩት።"

"እንዴት?"

"አልተቆጣሽኝማ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ሻንጣዬን አዘጋጅቼ አልጨረስኩም ስልሽ ዝም አልሽኝ። ስልኬን ቻርጅ አላደረግኩም ስልሽ 'እሺ፣ አይዞሽ' አልሽኝ። አንቺ በጤናሽ እንዲህ አድርገሽ አናግረሽኝ ታውቂያለሽ? አራት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ትጮሂብኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።"

ድምፄ እንዳያሳብቅ ስጠነቀቅ ያሳበቀው ጥንቃቄዬ ነበር።

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ልመለስ አልሽ?"

ትኬቱን በቀድሞው እጥፋቱ አጠፈችው።

"እኔ እስካልመጣሁ ድረስ አጥሚቷን ትጠጣ ነበራ" አለች። "ልክ ስመጣ ነው የምትሞተው።"

እኔም እንሰቱ መሃል ቆሜ "አጥሚቱን ጨርሳለች" ስል ኩባያውን አይቼው ነበር። እማዬ ባዶውን ኩባያ ለእኔ ስትመልስልኝ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አይቻት ነበር። ለእህቴ ብዬ የዋሸሁ ሲመስለኝ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴን አንድ ቀን የማቆያት እኔ ነበርኩ።

ሐጂ በር ላይ ሳል ሳል አሉ። ገብተው እህቴን አጽናኗትና ወደ እሷ ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ፣ ይነሳ?" አሏት።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ሐጂ።

"ይነሳ" አለች።

ሰዎቹ ካስማዎቹን ነቀሉ። ገመዱ ተፈታ፣ ሸራው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከኋላው የጓሮው እንሰት ታየ። ያኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጮህኩ፤ እህቴ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ያቺ አንጀት የላትም ያለችኝ ጎረቤትም ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችልኝ። ድምፄ ጎረነነ፣ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻም ጠፋ። አልተጠነቀቅኩለትም፤ ከእንግዲህ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም።